የለቅሶ ልምምድ

በጠባሴ የሰባተኛ ሕንጻ ነዋሪዎች እድር ሰው ከቀበረ ሃምሳ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። ስንፍና እንዳይመስላችሁ፤ የሚቀበር ሰው ጠፍቶ ነው።

እድሩ ግን አልፈረሰም። ደብረ ብርሃን ላይ ሰው ሥራውን ሊለቅ፣ ቤቱን ሊሸጥ ይችላል፤ ከእድር ግን አይወጣም። "ወጥቼስ ማን ሊቀብረኝ ነው?" ይላል፣ እንደማይቀበር ልቡ እያወቀ። ስለዚህ ድንኳኑ አለ፣ አግዳሚ ወንበሮቹ አሉ፣ አንዱን ለሁለት የሚሸከሟቸው ብረት ድስቶች አሉ። ሊቀመንበሩ ኢዮስያስም አለ፤ ለሁለት ዓመት ተመርጦ ይኸው ሰባ አንደኛውን ይዟል። ድንኳኑ የሚተከለው ለልደት ነው። መቶ አሥርና መቶ ሃያ ሻማ ሥሩ እየበራ ሁለት ጊዜ ተቃጥሎ ተደርቷል።

ጥሩንባ ነፊም አለ። ያፌት ይባላል። የዛሬ ሃምሳ ሰባት ዓመት በጠቅላላ ስብሰባ "ቦታው ባዶ መሆን የለበትም፤ ደግሞም ሥራው ቀላል ነው፣ ሥራ የለውም" ተብሎ በጭብጨባ ተመረጠ። ዕድሜው መቶ ሃያ፣ መልኩ የአርባ አምስት ነው። በዚህ ሁሉ ዘመን ጥሩንባውን የነፋው ለእንቁጣጣሽ ብቻ ነው፤ እሱንም "ኧረ በማርያም ይብቃህ" እየተባለ። ድምፁ የታነቀ በሬ ይመስላል።

በጠባሴ ሰው ከሰው ሲገናኝ "እንዴት ነህ?" ብሎ አይጀምርም፤ "ታደስክ?" ይላል። በየአምስት ዓመቱ ሁሉም ወደ እድሳት ጣቢያ ይሄዳል፣ ይሰለፋል፣ ቁጥሩ ሲጠራ ይገባል፤ ከሰዓት በኋላ ሲወጣ በር ላይ ሳምቡሳ ገዝቶ እየበላ ወደ ሥራው ይመለሳል። ያልታደሰ ሰው ስምንት ወር ገደማ ይቆያል ይላል ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ። በጠባሴ ይህን ሞክሮ ያየ ሰው የለም።

ያፌትና ሚስቱ ሶልያና ሁልጊዜ አብረው ነው የሚታደሱት። ከተጋቡ ዘጠና አራት ዓመታቸው ነው። ልጅ አልሰጣቸውም፤ ሶልያና ግን በሰንበት ትምህርት ቤት ሰማንያ ዓመት ስላስተማረች ከሕንጻው ነዋሪ ግማሹ "መምህርት" ነው የሚላት፣ ሽማግሌው ጭምር። በጥቅምት አንድ ሰኞ ጠዋት ያፌት ኮቱን ለብሶ፣ ጫማውን አስሮ፣ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃት ጀመር። እሷ ሰፌድ ይዛ ምስር ትለቅማለች።

"ተነሺ እንጂ፣ ወረፋው ሊረዝም ነው።"

"አንተ ሂድ። እኔ ቀርቻለሁ።"

"ለሌላ ቀን ላስለውጥልሽ?"

"የምን ሌላ ቀን! ቀርቻለሁ ነው የምልህ። ከእንግዲህ አልታደስም።"

ያፌት ተመልሶ ወንበር ላይ ዘጭ አለ። ብዙ ነገር ሊላት ፈለገ፤ ከአፉ የወጣው ግን ሌላ ነው።

"ሰለቸሁሽ?"

"አንተማ ገና በሰባኛው ዓመት ነው የሰለቸኸኝ" አለች ሳትስቅ። "ከዚያ መልሼ ለመድኩህ።"

"ታዲያ ምን ሆንሽ? አመመሽ? ሰው ተናገረሽ?"

ሰፌዱን አስቀመጠች። "ያፌት፣ ሰማንያ ዓመት ሙሉ ሙታን ይነሣሉ እያልኩ ልጆች አስተምሬያለሁ። ባለፈው እሁድ አንዷ ድንክዬ እጇን አወጣችና 'መምህርት፣ ማን ሞቶ ነው የሚነሣው?' አለችኝ። እዚያ ሳቅኩ። ቤት ስገባ ግን ሳቁ ጠፋኝ።"

"በሕፃን አፍ ሰው ይሞታል?"

"ሰርግ የተጠራ ሰው ሰማንያ ዓመት ሙሉ ልብሱን ሲተኩስ ይኖራል? እኔ መሄድ እፈልጋለሁ። ሰው ልክ አለው፣ እኔም ልኬ ደርሷል። የጠራኝን ደግሞ አምነዋለሁ።"

"እኔስ?" አለ ያፌት። ድምፁ የሕፃን ሆነ።

"አንተማ ጥሩንባ ነፊ ነህ። የምትነፋልኝ አንተ ነህ። ስሜንም በአደባባይ የምትጠራው አንተ ነህ፤ ሌላ ሰው እንዲጠራኝ አልፈልግም። ሰፈሩ ወጥቶ ይሸኘኝ፤ በጓሮ በር ሾልካ እንደጠፋች ሰው መሆን አልፈልግም። ይኸው ነው ልመናዬ።"

"ሥራው ቀላል ነው ብለውኝ ነበር እኮ" አለና እንባው ዱብ ዱብ አለ።

ሶልያና በነጠላዋ ጫፍ ፊቱን ጠረገችለት። "በል አሁን ሂድና ታደስ። የኔ ጊዜ የኔ ነው፣ ያንተን ደግሞ አንተና ፈጣሪህ ታውቁታላችሁ። ሁለታችንም ከቀረን ማን ይነፋል?"

ሄደ። ተሰለፈ፣ ገባ፣ ወጣ። በር ላይ እንደ ልማዱ ሁለት ሳምቡሳ ገዛ። ሁለተኛውን በወረቀት ጠቅልሎ እንደያዘ ቤቱ ደረሰ፤ ሶልያና ተቀብላው በላች፤ "ዘይት በዛበት" አለች።

በማግሥቱ ያፌት ወደ ንስሐ አባታቸው ሮጠ። አባ ዘሚካኤል የንስሐ አባታቸው ከሆኑ ዘጠና ዓመት ስላለፈ ኑዛዜው ዙሪያ ጥምጥም አያውቅም። "እንደተለመደው?" ይላሉ አባ። "እንደተለመደው" ይላል ያፌት። "እግዚአብሔር ይፍታህ፣ ልጄ" ብለው መስቀል ያሳልሙታል።

"እንደተለመደው?" አሉ አባ።

"የለም አባ፤ ዛሬስ ሌላ ነው። ሶልያና አልታደስም ብላለች። ይከልክሉልኝ። ራስን ማጥፋት ነው ይበሏት።"

አባ መስቀላቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳረፉ። ቆዳቸው የሠላሳ ዓመት ጎረምሳ ቆዳ ነው፤ ጢማቸው ጥቁር። የመታደሻ ቀጠሯቸው መጋቢት ላይ ነው።

"ነፍሷን በእጇ አላጠፋችም እኮ፣ ልጄ። ምግብ አልተወችም፣ መርዝ አልጠጣችም። የቀረችው ከቀጠሮ ነው።"

"ታዲያ ዝም ሊሏት ነው?"

"ምን ብዬ ልቆጣት? እኔ በየቅዳሴው የሙታንን መነሣት፣ የሚመጣውንም ሕይወት ተስፋ እናደርጋለን እያልኩ እቀድሳለሁ። ቀጠሮዬ ሲደርስ ግን ጣቢያው በር ላይ ከሰው ቀድሜ እሰለፋለሁ። አንድ ቀን እንኳ 'አባ፣ እርስዎ እዚያ ምን ይሠራሉ?' ብለኸኝ ታውቃለህ?"

"አላልኩም፣ አባ።"

"እሷ ግን ብላኛለች። ትናንት መጥታ። በትሕትና ነው ያለችው፤ ሌሊቱን ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም።" አባ አንገታቸውን ደፉ። "የፈራሁት እኔ ነኝ፣ ያፌት። ፈራሁ ብሎ መናገርም ደግሞ ያሳፍራል፣ በኔ ዕድሜ።"

ያፌት የሚከለክልለት ሰው ፈልጎ ሄዶ ማጽናኛ የሚሻ ሰው አገኘ። መስቀል ተሳልሞ ወጣ፤ መንገድ ላይ ቆሞ ለመጀመሪያ ጊዜ ሚስቱ በእርግጥ እንደምትሞት አሰበ።

ጥር ላይ የሶልያና ፀጉር መሸበት ጀመረ። በሰባተኛ ሕንጻ ሽበት ከታየ ዘመን ሆኖታል። ጎረቤቱ ሁሉ ስኳርና ጎመን ልዋስ እያለ እየመጣ በስርቆሽ ያይ ነበር። የሰንበት ትምህርት ቤቱ ልጆች ግን መደበቅ አያውቁም፤ ተራ ይዘው ዳሰሱት። ዓይኗ ሥር የተሸበሸበውንም "ይህ በምን ይወጣል?" ብለው ጠየቋት። ሶልያና መስታወት ፊት ቆማ "አየህ? ቁርጥ እናቴን መሰልኩ" አለች፤ ደስ ብሏት ነበር። ያፌት ግን ማየት አልቻለም፤ ውኃ ልቅዳ ብሎ ወጣ።

ነገሩ ሲጸና ኢዮስያስ የእድሩን ስብሰባ ጠራ። መተዳደሪያ ደንቡ ከሳጥን ወጥቶ አቧራው ተራገፈ።

"አንቀጽ ዘጠኝ" አለ ኢዮስያስ ጉሮሮውን ጠርጎ። "ቀብር ሲኖር አባላት በሙሉ ይገኛሉ፤ ድንኳን ይተከላል፤ ሦስት ቀን ይቀመጣል።"

"ሦስት ቀን ተቀምጦ ምን ይደረጋል?" አለ ከኋላ አንድ ሃምሳ አምስት ዓመት የሞላው ልጅ። ማክቤል ይባላል፤ በልደት ግብዣ የኬክ ኃላፊ እሱ ነው።

ድሮ ያዩትም ቢሆኑ ዘመኑ ርቆባቸዋል፤ አንዱ ጭብጨባ ነበረው አለ፣ ሌላው የለም ዘፈን ነው አለ፣ ሦስተኛዋ ለአስከሬኑ "እንኳን አደረሰህ" ይባላል ብላ ድርቅ አለች። በመጨረሻ ከበሩ አጠገብ ሶልያና ብድግ አለች።

"እንዲህማ ከሆናችሁ እኔን አትቀብሩኝም፤ ታዋርዱኛላችሁ" አለች። "ከመጪው እሁድ ጀምሮ ከቅዳሴ በኋላ ግቢ ውስጥ ተሰብሰቡ። አስተምራችኋለሁ።"

እንዲህ ነው የለቅሶ ልምምድ የተጀመረው። ሟቿ ወንበር ላይ ጋቢ ደርባ፣ ከዘራ ይዛ ተቀመጠች፤ ሠላሳ አንድ ፎቅ ሕዝብ ፊቷ ተኮለኮለ።

"ሴቶች! ነጠላ እንዲህ አይደለም፤ ይዘቀዘቃል። አዎ፣ እንደሱ። አንቺ፣ ለሠርግ ነው እንዴ የተኳልሽው? ወንዶች፣ ወንበሩን ለማን ነው የተዋችሁት? ማክቤል፣ ያ የያዝከው ምንድን ነው?"

"ኬክ ነው፣ መምህርት። ባዶ እጄን መምጣት አፍሬ ነው።"

"ንፍሮ ነው የሚመጣው፣ ልጄ! ንፍሮ! በል አስቀምጠው፤ አሁን ከመጣ ምን ይደረጋል፣ ቁረሱት።"

ቆረሱት። በሁለተኛው እሁድ ንፍሮ መጣ፤ ጨው በዝቶበት ተመለሰ። በሦስተኛው አስለቃሽ ተመረጠች። በአራተኛው "እግዚአብሔር ያጽናችሁ" ያለ ሳቅ ሊባል ቻለ። ሰፈሩ ልምምዱን እንደ ጉድ ወደደው። ከስድስተኛ ሕንጻ ሳይቀር እየመጡ ያለቅሱ ጀመር፤ ሲጨርሱም "ቀለል አለኝ" ይላሉ። ለዘመናት ሳይለቀስ የቆየ ብዙ ነገር ነበራቸው።

የማይሆንለት ያፌት ብቻ ነበር። መንፋቱንስ ይነፋል። ጥሩንባው "እምቧ" ይላል፣ ርግብ ከጣሪያ ይነሳል። ከዚያ ስም ጋ ሲደርስ፦

"ስማ! ያልሰማህ ስማ! ወይዘሮ እገሊት አርፈዋል!"

"እገሊት ማን ናት?" ትለዋለች ሶልያና ከወንበሯ።

"ያው... ስሙ በዕለቱ ይገባል።"

"ስሜን ጥራ እንጂ፣ ያፌት። ሰው ለማን እንደሚያለቅስ ይወቅ።"

"ይገባል አልኩሽ እኮ! ቅጹ እንዲህ ነው!"

እሁድ በመጣ ቁጥር እንዲህ ነበር። ወይዘሮ እገሊት በሰባተኛ ሕንጻ ግቢ አሥራ ሰባት ጊዜ አረፈች። ሰውም ለመደ፤ ጥሩንባ ሲሰማ "እገሊት ዛሬም ሞተች" እያለ እየሳቀ ይወርድ ነበር።

ግንቦት ሲያልቅ ሶልያና ከአልጋ መውረድ አቃታት፤ ልምምዱም ያለ አስተማሪ ሆነ። አባ ዘሚካኤል መጥተው አቆረቧት። ሲወጡ ያፌትን ክንዱን ያዝ አድርገው፣ "ከመጋቢቱ ቀጠሮዬ ቀርቻለሁ" አሉት በሹክሹክታ። "እስካሁን ለማንም አልተናገርኩም።" ያፌት ቀረብ ብሎ ሲያያቸው ጢማቸው ውስጥ አንድ ነጭ ፀጉር አለ። አባ ደረጃውን ወረዱ።

አመሻሽ ላይ ሶልያና አጠገቡ አስቀመጠችው። ድምፅዋ ቀጥኗል፤ ነገረኛነቷ ግን እንዳለ ነው።

"ፈርተሃል?"

"በጣም" አለ።

"እኔም ትንሽ ፈርቻለሁ። ለማንም አልነገርኩም፣ መምህርት ፈራች እንዳይሉ።" እጁን ያዘችው። "ግን አስበው። አንተ ስትነፋ እኔ እተኛለሁ። አንድ ቀን ደግሞ መልአኩ ይነፋና እነሣለሁ። በሁለት ጥሩንባ መካከል ያለ እንቅልፍ ነው፤ ሌላ ምንም አይደለም።"

"እርግጠኛ ነሽ?"

"ሰማንያ ዓመት አስተምሬው! ተስፋ ነው እንጂ የቀበሌ መታወቂያ አይደለም፣ አውጥቼ አላሳይህም። ግን አምነዋለሁ።" ትንሽ አረፍ አለችና "የመልአኩ አነፋፍ ካንተ እንደሚሻልም ተስፋ አለኝ" አለች።

ሁለቱም ሳቁ። ሳቁ እሷን አሳላት፤ ውኃ ሰጣት፤ ተኛች።

ሐሙስ ጎህ ሲቀድ አረፈች። እጇ በእጁ ውስጥ ነበር፤ ልዩነቱን ያወቀው ዝምታው ሲረዝምበት ነው። ዓይኗን ከደነላት። ነጠላዋን አስተካከለላት። ኮቱን ለበሰ፣ ጫማውን አሰረ፣ ጥሩንባውን ከሚስማሩ አወረደ። ወደ ግቢው ወረደ።

ነፋ። ጥሩንባው እንደ ልማዱ ታነቀ። ርግቦቹ ተነሡ።

"ስማ! ያልሰማህ ስማ!" አለና ቆመ።

ከሠላሳ አንዱ ፎቅ ማንም አልወጣም።

ደግሞ ነፋ። ከስድስተኛው ፎቅ አንድ መስኮት ተከፈተ፤ የኢዮስያስ ራስ ብቅ አለ። "ያፌት! ሐሙስ እኮ ነው! ልምምዱ እሁድ ነው!"

"ኧረ ሰው ይተኛበት!" አለ ሌላ ድምፅ ከላይ።

"እገሊት ዛሬ ሳትሞት ትዋል በሉት!" አለች አንዲት ሴት፤ የሆነ ቦታ ሳቅ ተሰማ፤ የኢዮስያስም መስኮት ተዘጋ።

ያፌት ግቢው መሃል ብቻውን ቀረ። ያን ጊዜ ገባው። እነዚህን ወራት ሁሉ ሲያሰለጥን የከረመው ሰፈሩን ጥሩንባ እንዳይሰማ ነው። ሰፈሩ ወጥቶ ይሸኘኝ ብላው ነበር፤ ሌላ ምንም አልለመነችውም፤ እሱ ግን አንዲት ስም ከአፉ ማውጣት ፈርቶ በጓሮ በር ሊያስወጣት ነው። ስሟን ከጠራ ሞተች ማለት ነው፤ ካልጠራት ደግሞ ብቻዋን ናት።

ጥሩንባውን ዝቅ አደረገ። አንገቱን ወደ መስኮቶቹ ቀና አደረገ።

"ሶልያና!" አለ።

ድምፁ ሕንጻዎቹ መካከል ዞሮ ተመለሰለት።

"ሶልያና መክብብ አርፋለች! ሚስቴ አርፋለች! ያልሰማህ ስማ! ሶልያና አርፋለች!"

ከዚያ የስድስተኛው ፎቅ መብራት በራ። ከሥሩ ያለው በራ። ከላይ ያለው በራ። በሮች ሲከፈቱ ይሰማ ጀመር፤ ከዚያ ደረጃው ላይ የእግር ድምፅ፣ የብዙ ሰው እግር ድምፅ።

ልምምዱ ሁሉ ገደል ገባ። ነጠላ ያዘቀዘቀ የለም፤ የአልጋ ልብስ ተከናንበው ነው የወጡት። የተመረጠችው አስለቃሽ አንድ ቃል ሳይወጣት ግድግዳ ተደግፋ ተንሰቀሰቀች። ኢዮስያስ በባዶ እግሩ መጥቶ ያፌትን አቀፈውና "እግዚአብሔር ያጽናህ" ማለት ጠፍቶት "ወንድሜ፣ ወንድሜ" ብቻ አለ። ማክቤል አግዳሚ ወንበር ተሸክሞ መጣ፤ የት እንደሚያስቀምጠው ግን አያውቅም፣ ተሸክሞ ያለቅሳል። አባ ዘሚካኤል ጥላና መስቀላቸውን ይዘው በግቢው በር ሲገቡ ሕዝቡ እየተከፈለ አሳለፋቸው። ሶልያና ብታየው እያንዳንዱን ስሕተት እየቆጠረች ትስቅባቸው ነበር፤ ደስም ይላት ነበር።

ፀሐይ ስትወጣ ድንኳኑ ቆሞ ነበር። ኢዮስያስ ዓይኑን እየጠረገ ወደ ያፌት ቀረበ።

"ስምንተኛ ሕንጻ አልሰማም ይሆናል። ጥሩንባውን አንዴ ብትደግመው?"

ያፌት ጥሩንባውን በሶልያና ነጠላ ጠቅልሎ ብብቱ ሥር አድርጎት ነበር።

"ለስምንተኛ ሕንጻ ሰው ላክ" አለ። "እኔ የድርሻዬን ነፍቻለሁ። የቀረውን የሚነፋው ሌላ ነው።"